ግልጽ ደብዳቤ፦ ኮርሱን ከመልቀቃችሁ በፊት ደጅ ወጥታችሁ በስልክ እዩት

ይድረስ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአካባቢው የኦንላይን ኮርስ ለምታዘጋጁ ቢሮዎች፣ ኮሌጆችና አሰልጣኞች በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር። አሰልጣኝ አይደለሁም። ግን ስላይዶቻችሁን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሰው ስልኩ ላይ ማንበብ ሲያቅተው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኝና «እስቲ ይቺን ፕሪንት አድርጊልኝ» ይላል። መምህሩ ይመጣል፣ ነርሷ ትመጣለች፣ የባጃጅ ሹፌሩ ይመጣል፣ ተመርቆ ሥራ የሚፈልገው ልጅ ይመጣል። አንዱ የኮምፒውተር፣ ሌላው የደንበኛ አያያዝ፣ ሌላዋ የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ ላይ ናቸው። ኮርሱ ይለያያል፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ስላይዱ አይነበብም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው።

ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ጀምረው ነበር። ስልኩ ላይ የከፈተላቸው ልጃቸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠራረጉ ገቡና «ልጄ፣ ስልኩ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?» አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት። ባክግራውንዱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ ሠንጠረዥ አለ። ገቢው በአረንጓዴ፣ ወጪው በቀይ ቁጥር ተሞልቷል። ከቁጥሮቹ አጠገብ «ገቢ» ወይም «ወጪ» የሚል ቃል የለም። ከታች ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል «አረንጓዴ ገቢ፣ ቀይ ወጪ» ይላል። እሱንም ያገኘሁት ስክሪኑን በሁለት ጣቴ ስለጥጥ፣ ስለጥጥ ቆይቼ ነው።

ፕሪንት አደረግሁላቸው። የኔ ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ቆዩ። ከዚያ ኩዊዙን አሳዩኝ። ከ10 ጥያቄ 4 አግኝተዋል። «ተይው ልጄ፣ እኔ ትምህርት አይገባኝም» አሉ።

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ጥያቄዎቹን ከኮምፒውተሩ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «የሰኞ ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ለሱቅ ኪራይ ይህን ያህል፣ ስንት ቀረ?» ከ10ሩ 9ኙን መለሱ። ያውም ወረቀት ሳይዙ። የስንት ደንበኛ ዱቤ በጭንቅላታቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው እኮ! አንዷን የሳቱትም ጥያቄዋ ራሷ የተምታታች ስለነበረች ነው።

የከነከነኝ ጥፋቱን የራሳቸው ማድረጋቸው ነው። እሳቸው ብቻ አይደሉም። እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ዓይኔ ደክሟል»፣ «ስልኬ ርካሽ ነው»፣ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላል። «ስላይዱ ተበላሽቶ ነው የተሠራው» ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ እኔ ልበላችሁ። ብዙው ስላይዳችሁ ተበላሽቶ ነው የተሠራው። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ላፕቶፕ ላይ ሠርታችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ አይታችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ አምሮባችሁ ስለምትለቁት ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፓወርፖይንት ስትከፍቱ የሚመጣው ሰፊ ስላይድ ወርዱ 33.87 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ የተያዘ ስልክ የስክሪኑ ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስላይዱ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በ20 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያው ነው) የጻፋችሁት ፊደል እዚያች እናት እጅ ላይ ሲደርስ 4 ነጥብ ሆኗል። ስልኩን ቢያጋድሙትም ከ7 ነጥብ ብዙም አያልፍ። እኔ ማመልከቻ የምጽፈው በ12 ነጥብ ነው። በ4 ነጥብ ጽፌ ብሰጠው የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት የለም። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ የዓይኑ ሌንስ እየደነደነ ስለሚሄድ ቅርብ ያለን ነገር ማንበብ ይከብደዋል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው፤ ሁላችንም እንደርስበታለን። ኮርሶቻችሁ ላይ ከሚመዘገበው ሰው መካከል በዚህ ዕድሜ ያለም አለ።

በኔ ግምት ለቪዲዮ የሚሆን ስላይድ ላይ ፊደሉ ከ32 ነጥብ መውረድ የለበትም። ያን ጊዜ ስልኩ ሲጋደም 12 ነጥብ ገደማ ይሆናል፤ የማመልከቻ ፊደል ማለት ነው። «በ32 ከጻፍን አምስት ስድስት መስመር ብቻ ነው የሚይዝልን» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ መያዝ ያለበትም ያን ያህል ነው። የቀረውን ወደ ሚቀጥለው ስላይድ አሻግሩት። ስላይድ አይከፈልበትም። ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ፤ የሚነበበውን ነገር ፎቶ ውስጥ አትቆልፉት። ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጋችሁ በቴሌግራምም ሆነ በድረ ገጽ ከላካችሁት ስልኩ ራሱ በስክሪኑ ልክ ያሰልፈዋል፤ ማጉላት የፈለገም ያጎላዋል። ፎቶ ሲሆን ግን ባጎላው ቁጥር የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ስቦ፣ ወደ ግራ መልሶ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ሰው እንዲህ እየተንከራተተ ስንት ገጽ ያነባል?

የእኛን ፊደል ጉዳይ ለብቻው ላንሳው፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ቴምፕሌትም ስለሱ ምንም አያውቅም።

ፊደላችን በትንሽ ምልክት የሚለያይ ፊደል ነው። «ቢ» እና «ቤ»ን ውሰዱ። ሣልሱ እግሩ ሥር አጭር ሰረዝ አለው፣ ኃምሱ ትንሽ ቀለበት አለው። ልዩነታቸው ይኸው ነው። «ሊ» እና «ሌ»፣ «ሲ» እና «ሴ»ም እንደዚያው። ፊደሉ ሲደቅ ወይም ኔትወርክ ደክሞ ቪዲዮው ሲደበዝዝ ያቺ ቀለበት ትደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በሒሳብ ኮርስ ላይ ሰረዟም ጠፍታ «ገባ» እና «ገቢ» ሲምታቱ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። እግሩ ሥር ምልክት ያለበትን ፊደል ከሥሩ ስታሰምሩበት ደግሞ መስመሩ ምልክቱን ይነካዋል፣ አንዳንዴ ይውጠዋል። ስለዚህ ማስመር ይቅርባችሁ። ስልክ ላይ የተሰመረበትን ነገር ሰዉ ሊንክ መስሎት በጣቱ ሲነካካው ነው የሚውለው።

አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። በጥንቱ ጽሕፈታችንም የተጋደመ ፊደል የለም። «አይታሊክ» የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያዘነብለዋል። አያምርም፣ ንባቡንም ያከብዳል። አንድን ቃል ለማጉላት ወፍራም አድርጉት ወይም መጠኑን ጨምሩ፤ ይበቃል። ጥላ፣ ጠርዝ፣ የሚያብረቀርቅ ዳር አያስፈልገውም። መስመሮቹንም አታጨናንቋቸው። ፊደሎቻችን አብዛኞቹ ረጃጅምና ጎን ለጎን የቆሙ ስለሆኑ በመስመሮቹ መካከል አየር ካልገባ ገጹ ግድግዳ ይመስላል።

ፎንትም አለ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያውቁበት ደረጃ፣ የእኛን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬም ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ይመጣልኛል። ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣል። ባለፈው አንዲት ልጅ «ቫይረስ ገባብኝ መሰለኝ» ብላ ደንግጣ መጣች። ቫይረስ አልነበረም፤ የምዕራፍ ሁለት ማስታወሻዋ ነበር። እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉ። ኖቶ የሚባለው ፎንትም ሆነ አቢሲኒካ የሚባለው ይሁን፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ስትልኩ ደግሞ ፎንቱን ይዞ እንዲሄድ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት። አለዚያ እናንተ ጋ አምሮ የነበረው እኛ ጋ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ይሆናል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ።

የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ አለ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በፊደሉና በባክግራውንዱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን ይላል። ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 ይፈቅዳል። ነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር 21 ለ 1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ደማቅ ሰማያዊ ላይ የተጻፈ ደማቅ ቀይ 2 ለ 1 ገደማ ነው። ነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ ደግሞ ከ1 ለ 1 እምብዛም አይዘልም፤ የለም ማለት ይቀላል። የዚያችን እናት ሠንጠረዥ ራሴ ለካሁት። ቀዩ 4 ለ 1፣ አረንጓዴው 3 ለ 1 ገደማ ነው። ሁለቱም ወደቁ። ለመለካት ዕውቀት አይጠይቅም። ሁለቱን ቀለም ስታስገቡለት ቁጥሩን የሚነግራችሁ ነፃ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለአንድ ቀለም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ቁጥር ግን ፀሐይን አይጨምርም። ድሬ ላይ ነን ያለነው። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ለፊደሉም ለጀርባውም እኩል ብርሃን ትጨምርባቸዋለች፤ ስለዚህ ልዩነቱ ይጠባል። ቤት ውስጥ 4.5 የነበረው ደጅ ሲወጣ 4.5 አይሆንም። በዚያ ላይ ስልክ በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል። ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሳቢያን መንገድ ዳር ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ ትምህርቱን የሚከፍት ሹፌር በሙቀት የደበዘዘ፣ ፀሐይ የመታው፣ ምናልባትም የተሰነጠቀ ስክሪን ነው የሚያየው። ኮርሱ መሠራት ያለበት ለሱ ነው። እሱ ካነበበው ኤሲ ያለበት ቢሮ የተቀመጠው ማንበቡ አይቀርም።

ባክግራውንዱ ነጭ ወይም ከነጭ ትንሽ የጠቆረ ቢሆን፣ ፊደሉ ጥቁር ቢሆን እኔ ይበቃኛል። «ደረቅ ሆነ» የሚል ይኖራል። የሐረርን የሸሪፍ ሙዚየም ያየ ሰው እዚያ ያሉትን የእጅ ጽሑፎች ያስታውሳቸው። ቤተ ክርስቲያን ያለውንም ብራና አስታውሱ። ቁም ጸሐፊው ጽሑፉን በጥቁር ይጽፈዋል። ቀዩን ለአምላክ ስም፣ ለእመቤታችን ስም፣ ለምዕራፍ መግቢያ ያስቀምጠዋል። ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ ይተዋል፤ ያን ባዶ ቦታ የሚተወው ያውም የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አድርቆ ባዘጋጀው ውድ ገጽ ላይ ነው። ማንም ያንን ገጽ ደረቅ አላለውም። ቀይ ሲታይ ዓይን ይቆማል፤ ምክንያቱም ጥቂት ነው። እናንተ ጋ ግን አንድ ስላይድ ላይ አምስት ቀለም ቆጥሬያለሁ፤ ርዕሱ ብርቱካናማ፣ ንዑስ ርዕሱ ሐምራዊ፣ ነጥቦቹ ሰማያዊ፣ ማስታወሻው ቀይ፣ «አስታውስ» የሚለው ቢጫ። ሁሉም ሲጮኽ የቱን ልስማ?

ቀለም ብቻውን ትርጉም እንዲሸከም አታድርጉት። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በሽታው የሚተላለፈው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ስለሆነ፣ ወንድ ደግሞ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ። ይህ ችግር እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ የሚያረጅም አለ። ኩዊዙ ላይ ትክክለኛው መልስ አረንጓዴ፣ ስሕተቱ ቀይ ነጥብ ብቻ ከሆነ እሱ ምንም አልተነገረውም። «ትክክል ነው» የሚል ቃል ጨምሩበት፤ «ልክ» የሚለውን ምልክት ጨምሩበት። ግራፍ ላይም የእያንዳንዱን ስም እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። ስሙን ከታች ሰብስባችሁ በቀለም ስታስተሳስሩት ስልክ ላይ ያለ ሰው ወደ ታች ወርዶ ቀለሙን ያያል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈልጋል፣ እስኪያገኘው የወረደበትን ይረሳዋል።

ስለ መጨናነቅ ደግሞ ትንሽ ልናገር። ከሰዉ የምሰማው አንድ እሮሮ አለ፤ «ሰውዬው ስላይዱን ቃል በቃል ያነብልናል፣ ራሴ ላንበበው ስል ድምፁ ይረብሸኛል»። ትክክል ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የሆነው ሪቻርድ ሜየር በሥዕልና በድምፅ ስለሚሰጥ ትምህርት ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ሥዕልና ድምፅ አብረው ሲሆኑ ሰው በደንብ ይማራል፤ በዚያ ላይ ያንኑ ንግግር በሙሉ ስክሪኑ ላይ ሲጽፉበት ግን ትምህርቱ ይቀንሳል። ዓይን ከሥዕሉ ተነጥሎ ወደ ጽሑፉ ይሄዳላ። ለጌጥ የገባ ሥዕልና ሙዚቃም እንደዚሁ ይጎዳል። ማብራሪያው ከሥዕሉ ጎን ሲቀመጥ ደግሞ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ግን የድሬን ነገር አትርሱ። እኛ ጋ አማርኛ ለሁሉም የመጀመሪያ ቋንቋ አይደለም። ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ሰው የአማርኛ ኮርስ ይወስዳል። ለሱ ድምፅ ብቻውን ፈጣን ነው፣ ያመልጠዋል። ሜየርም ራሱ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነና ቃሉ አዲስ ለሆነባቸው ሰዎች ጽሑፉ ሊረዳ እንደሚችል ይቀበላል። ስለዚህ ጽሑፉን ጨርሳችሁ አታጥፉት። ንግግሩን በሙሉ ከመለጠፍ ይልቅ ዋናዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት በትልቁ አስቀምጡ። «ተቀማጭ»፣ «ዋና ገንዘብ»፣ «ወለድ»። የሚቻል ከሆነ ከሥሩ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አስከትሉት። ቃሉን አይቶት፣ ሰምቶት፣ በቋንቋው አግኝቶት የሚያልፍ ሰው አይረሳውም። ሱቄ የሚመጡት ሰዎች ፕሪንት ያደረግሁላቸው ወረቀት ዳር ላይ በእስክሪብቶ የሚጽፉት እኮ ይህንኑ ትርጉም ነው። እናንተ የዘለላችሁትን እነሱ በእጃቸው ይሞሉታል።

ቦታ የሚጠበው ደግሞ በሎጎ ነው። አናት ላይ የቢሮው ሎጎ፣ የአጋር ድርጅቱ ሎጎ፣ የፕሮጀክቱ ሎጎ። ግርጌ ላይ መሪ ቃል፣ ቀን፣ የአሰልጣኙ ስምና ማዕረግ። አንዱን በማስመሪያ ለካሁት፤ የስላይዱን ቁመት ሢሶ ይዟል። በሁሉም ስላይድ ላይ! መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ አድርጉት፤ ማን እንዳዘጋጀው ሰዉ አይረሳም። አመስግኖ ነው የሚማረው።

«ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ሥዕል ውስጥ ከሆነ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ መውጫውን ይፈልጋል። ከዚራን አስቡት። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ከደረሰ በኋላ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንግዳ እንኳ አንድ ጊዜ ካሳያችሁት አይጠፋም። ቁልፎቹንም እንዲያ አድርጓቸው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ ቀለም፣ ለአውራ ጣት የሚበቃ መጠን።

ስለሚዘልና ስለሚሽከረከር ፊደል ብዙ አልልም። ይቅር። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ነገር ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም።

ፎቶ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ ገንዘብ ነውና። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መሞከር የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አሁን ሁለት አማራጭ አለን፣ ተመስገን ነው። ቢሆንም ሰዉ ዳታ የሚገዛው ከዕለት ወጪው ቀንሶ ነው። በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ እንዳለ ስላይድ ላይ ስታስገቡት አንዱ ብቻውን 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል። 40 ፎቶ ከሆነ 150 ሜጋባይት ገባ። ወርዱን ወደ 1,280 ፒክስል ብታወርዱት አንዱ ፎቶ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ይሆናል፣ ስልክ ላይም ልዩነቱ አይታይም። የምታስገቡትን ፎቶም ምረጡ። ስለ ሱቅ አያያዝ የሚያስተምር ስላይድ ላይ በረዶ የሚታይበት የመስታወት ሕንፃና የተጨባበጡ ሁለት ፈረንጆች ለምን ይገባሉ? እዚሁ ድሬ ታይዋን ወይም አሸዋ ገበያ ወርዳችሁ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ መደርደሪያውን አንሱት። ሰዉ የሚያውቀውን ሲያይ ጆሮው ይከፈታል።

የኔን ሥራ የሚነካ ነገርም ልንገራችሁ፣ ተማሪው ኪስ ድረስ ስለሚሄድ። ቶነር ሲገዛ ካርቶኑ ላይ «1,600 ገጽ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የሚሆነው ግን ቀለም የሚያርፍበት የገጹ 5 በመቶ ብቻ ሲሆን ነው፤ ተራ ደብዳቤ ማለት ነው። የእናንተ ጥቁር ሰማያዊ ስላይድ የገጹን 80 በመቶ ቀለም ይሸፍነዋል። አንዱ ገጽ የ16 ገጽ ቀለም ይጠጣል። 1,600 ገጽ የሚባለው ቶነር 100 ገጽ አትሞ ያልቃል። ፋይሉ ፒዲኤፍ ስለሚሆን ባክግራውንዱን ማጥፋት አልችልም። ስለዚህ ዋጋ መጨመር አለብኝ፣ ወይም ከኪሴ መክሰር አለብኝ። ባለፈው አንድ ወጣት 86 ገጽ ይዞ መጣ። ዋጋውን ስነግረው ኪሱን ዳበሰና «የመጀመሪያዎቹን 20 ብቻ አድርጊልኝ» አለ። ቀሪዎቹን 66 ገጽ የት አንብቧቸው ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ደህና የሚሠራ የለም ማለቴ አይደለም። አንድ የማውቀው መምህር አለ፤ ትምህርቱን በቴሌግራም ነው የሚልከው። ነጭ ገጽ፣ ወፍራም ጥቁር ፊደል፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ አጭር የድምፅ ቅጂ። ጌጥ የለውም። የሱ ተማሪዎች እኔ ጋ የሚመጡት ሰርተፍኬት ፕሪንት ሊያስደርጉ ብቻ ነው። ገበያዬን ቀነሰብኝ፣ ግን ደስ ይለኛል።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በጀት አያስፈልገውም፣ ባለሙያ መቅጠርም አያስፈልገውም። ኮርሱን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ርካሽ ስልክ ያዙና ከቢሮው ውጡ። የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ አድርጉት። ፀሐይ ላይ ቁሙና አንብቡ። ከዚያ ኮርሱ የተዘጋጀለትን ዓይነት አንድ ሰው ፈልጉ፤ የባንክ ጥበቃው ይሁን፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ ትሁን፣ ጋሽዬው ይሁኑ። ስልኩን ስጡትና ዝም በሉ። አታስረዱ። የት ላይ ዓይኑን እንደሚያጨነቁር፣ የት ላይ በሁለት ጣቱ እንደሚለጥጥ፣ የት ላይ «ይሄ ምንድነው?» እንደሚል ተመልከቱ። እነዚያን ስላይዶች አስተካክሏቸው። በመጨረሻ አንዷን ገጽ በጥቁርና ነጭ ፕሪንት አድርጓት፤ ትርጉሟ ከቀለሙ ጋር ከጠፋ እንደገና ሥሯት። ፕሪንተር ከሌላችሁ እኔ ጋ ኑ፣ ለዚህ አላስከፍልም። አግዳሚውም አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው።

ያ የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ክፍል ሁለት ገና አልተለቀቀም። እናታችን ልጃቸውን በየሳምንቱ «መጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቁታል፤ ሊቀጥሉ ወስነዋል። የምታዘጋጁት ሰዎች ይህን ካነበባችሁት፣ ሠንጠረዡ ላይ በየረድፉ መጀመሪያ «ገቢ» እና «ወጪ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጻፉላቸው። በትልቁ፣ በጥቁር፣ ነጭ ላይ።

አክባሪያችሁ፣
ከዚራ ካለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት
ድሬዳዋ